ጠንካራ ፍሪሲዮን

ነቀምት፣ ጥቅምት 8 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለአቶ መገርሳ ነገራ
አዲስ አበባ፣ በአቶ ተረፋ ቤት

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኔም፣ ልጆቹም፣ እናትህም በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን። ደራርቱ የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ ስትስቅ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች። እናትህ በየቀኑ ስምህን እየጠሩ ይጸልያሉ። ጸሎቱ ሲረዝምባቸው ያስጠጋህን የተረፋንም ስም ይጨምራሉ።

«መኪና ልግዛ የሚል ሐሳብ ማን አመጣብሽ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ማንም አላመጣብኝም፤ ከራሴ ነው። በሰኔ የምትነዳው የጭነት መኪና ዲዴሳ ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ፣ አንተም ጉልበትህ ተሰብሮ ወደ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ከተወሰድክ ወዲህ ቡናዬን የሚያነሳልኝ ያገኘሁት መኪና ነው። ያገኘሁት መኪና ደግሞ የሚመጣው ሲመቸው ነው። ዲጋ ላይ የገዛሁት ቡና ዝናብ እየመታው እኔ መንገድ ዳር ቆሜ ሾፌር ስለምን እውላለሁ። ልመናው ሰልችቶኛል። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱን ስትመጣ እነግርሃለሁ።

ጊምቢ ውስጥ አቶ መሸሻ የሚባሉ የመንግሥት ሹም ወደ ሸዋ ተዛውረዋልና አሮጌ ላንድሮቨራቸውን ሊሸጡ ነው። ረዳትህ የነበረው ባቻ አሁን ራሱ ሾፌር ሆኗል። ወደዚያ ጭነት ሲያደርስ መኪናዋን አይቶልኝ እንዲመጣ ላክሁት። ገበያ መሐል ቆሞ በኦሮምኛ የነገረኝን በአማርኛ እጽፍልሃለሁ፤ ትምህርት ቤት የተማርነው የደብዳቤ ቋንቋ እሱ ነውና። ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ጎማዎቹ አንድ ክረምት ይችላሉ፤ ፍሪሲዮኑ ጠንካራ ነው። ፍሪሲዮን ማለት በግራ እግር የሚረገጠው፣ ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን ከጎማው የሚለየው ነው ብለህ አንድ ጊዜ ያስረዳኸኝን አልረሳሁም።

እግርህ እንዴት ነው? ባለፈው ጠይቄህ ወረቀቱ ላይ ቦታ ያጣህ ይመስለኛል።

ባለቤትህ ቀለሟ


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ቀለሟ፣ ለደራርቱ እናት

አካም ጅርቱ፣ እንዴት ናችሁ? ሁላችሁም ነጋ፣ ሰላም ናችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ተረፋና ባለቤቱ ሳልጠግብ ከማዕድ እንድነሳ አይፈቅዱልኝም።

ባቻ ፍሪሲዮኑ ጠንካራ ነው ካለ ለእኔ ይበቃኛል። አሮጌ መኪና መጀመሪያ የሚደክመው እዚያ ላይ ነው። ሲደክም ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። ጠንካራ ከሆነ የዲዴሳን ዳገት ጭነቷን ይዛ ትወጣልሻለች። ሌላ ሰው ሳይቀድምሽ ቀብድ ስጪ።

በአውቶቡሱ ሾፌር እጅ በላክሽው ብጣሽ ወረቀት ላይ «ማን ቢነዳት ይሻላል?» ብለሽኛል። ባቻን ቅጠሪው። ሲነዳ ይጮኻል እንጂ እጁ ንጹሕ ነው።

ተረፋ የሚሠራበት የእህል ወፍጮ ዘበኛ ይፈልጋል። ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ማደሪያ ክፍልም አለው። እናንተም ውላችሁ አድራችሁ ወደዚህ ብትመጡ ብዬ አስቤያለሁ። ለጊዜው ሐሳብ ነው።

እግሬ ደህና ነው።

መገርሳ


ነቀምት፣ ኅዳር 3 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለአቶ መገርሳ

ጤና ይስጥልኝ። ሳልጽፍልህ ስለቆየሁ ይቅርታ አድርግልኝ። ንዴቴ እስኪበርድ ነው የቆየሁት።

«ቀብዱን ከሰጠሽ በኋላ ለምን ዝም አልሽ?» ብለህ በተረፋ በኩል አስጠይቀኸኛል። በየዕለቱ ከምይዘው ማስታወሻዬ እንዳለ እገለብጥልሃለሁ፤ ዛሬ ብጽፈው ቃሉን አከፋዋለሁ።

«ቅዳሜ። ቀብዱን አስቀድሜ ልኬ ስለነበር ከባቻ ጋር ጊምቢ የሄድኩት ርክክቡን ልጨርስ ነው። አቶ መሸሻ መኪናዋን አጥበው ግቢያቸው ውስጥ አቁመዋታል። በራሴ እግር ልሞክረው ብዬ የሾፌሩ ወንበር ላይ ወጣሁ። ፍሪሲዮኑን ረገጥኩት፤ አልወረደም። መሪውን በሁለት እጄ ይዤ፣ ከወንበሩ ተነስቼ፣ ባለኝ ክብደት ሁሉ ቆምኩበት። ግማሽ ድረስ ሄዶ ቆመ። እግሬን ሳነሳለትም ጌታው የጠራው ሰነፍ አሽከር ይመስል እየተጎተተ ተመለሰ።

አቶ መሸሻ ሳቁብኝ። ‹እግርሽ ቀሎ ነው እንጂ ፍሪሲዮኑስ አልከበደም› አሉኝ።

‹ይህ እግር ከዲጋ ነቀምት በጭቃ ሲመላለስ የኖረ ነው፤ ቀሎ አያውቅም› አልኳቸው። ከዚያ ወደ ባቻ ዞርኩ። ‹አንተ! ፍሪሲዮኑ ደህና ነው አላልከኝም?›

‹ማሎ፣ እባክዎ አዴ ቀለሟ፣ መቼ ደህና ነው አልኩ? ጃባ ነው አልኩ እንጂ!›

‹ጃባማ ጠንካራ ማለት ነው!›

‹እኮ! ጠንካራ ነው፤ አይረገጥም!›»

ማስታወሻው እዚህ ላይ ያበቃል። መንገዱን ሙሉ ሳስበው መጣሁ። በነጋዴ አፍ ጃባ ምስጋና ነው። ጆንያው ጃባ ነው፣ በቅሎዋ ጃባ ናት፣ ሰውየው በቃሉ ጃባ ነው እንላለን። ባቻ ግን ደርቋል፣ አልታዘዝ ብሏል ማለቱ ነበር። እኔ በነጋዴ ጆሮ ሰምቼ ጠንካራ ብዬ ጻፍኩ፤ አንተም ብርቱ ነው ብለህ አነበብከው። ማናችንም አልዋሸንም፤ ቀብዱ ግን ወጥቷል።

ቀብዴን መልሱልኝ አላልኩም። ቅር ያለኝም አላስመሰልኩ። «ገንዘቡን አሟልቼ እመለሳለሁ» ብዬ በሰላም ተሰናበትኳቸው። አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ድርቀት የሚድን ነው ወይስ የማይድን? እንዴት ለይቼ እንደማውቅ ጻፍልኝ።

ስለ ሾፌሩም እውነቱን ልንገርህ። ስትመጣ እነግርሃለሁ ያልኩት ምክንያት እሱ ነው። መኪናዋን የማያት ለባቻ አይደለም፤ ላንተ ነው። ጉልበቱ ተሰብሮ የዳነን ሾፌር ማንም ባለ መኪና መልሶ አይቀጥረውም ብለህ እንደምታስብ አውቃለሁ፤ ዘበኝነቱንም ያሳሰበህ ይኸው ነው። ከገዛ መኪናህ ላይ ግን ማን ያወርድሃል? ፍሪሲዮኑ ይክበድ ይቅለል ብዬ የምጨነቀው ለአንድ የማውቀው ግራ እግር ነው። ምን ያህል ቢቀል ትችለዋለህ? አዲስ አበባ አልመጣም። ልጆቼም የወፍጮ ቤት ዘበኛ ልጆች ሆነው በአንዲት ክፍል አይታጨቁም። አንተ ናልኝ።

ቀለሟ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 15 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለደራርቱ እናት

ነጋ ኬ፣ ሰላምሽ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ሳላይ ቀብድ ስጪ ማለቴ ልክ አልነበረም፤ አንድ ሾፌር «ጠንካራ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት እንዳለው ሊያውቅ ይገባ ነበር። ተረፋ ይህን ሰምቶ እስካሁን ይስቅብኛል። ጠዋት ተነስቼ አንገቴን ሲያመኝ «ጃባ ሆነብህ?» ይለኛል።

አሁን የምልሽን ባቻ ይሥራው፤ አንቺ ግን አጠገቡ ቁሚ። መጀመሪያ ሞተሩ ሳይሞቅ ድረሱ። ሻጭ አስቀድሞ ካሞቀው ዘይቱም ግራሶውም ስለሚላላ ችግሩ ይሸሸጋል። መከለያውን በእጅሽ ንኪ፤ ሙቀት ካለው እስኪበርድ ጠብቂ፤ ቢቆጡም ጠብቂ።

ከዚያ ባቻ ከሥር ይግባ። ከፔዳሉ ተነስቶ ወደ ማርሹ ሳጥን የሚሄድ ዘንግ አለ፤ ጫፉን ይፍታው። ዘንጉ ተፈትቶ ፔዳሉን ስትረግጪው እንደ ድሮው ከደረቀ ችግሩ ከፔዳሉ ወገን ነው ማለት ነው። ዝገት ነው፣ ጭቃ ነው፣ ግራሶ ያጣ መገጣጠሚያ ነው። ይህ በላምባና በግራሶ የሚድን በሽታ ነው። ፔዳሉ ላላ ብሎ ያለምንም ጉልበት ከወረደልሽ ግን በሽታው ውስጥ ነው። ውስጡን ለማየት የማርሹ ሳጥን መውረድ አለበት፤ ዕቃውም ነቀምት አይገኝም። ያን ጊዜ ቀብድሽን ትተሽላቸው ውጪ። እልህ ውስጥ አትግቢ።

ችግሩ ከፔዳሉ ወገን ቢሆንም ሳትጨርሺ አትደሰቺ። ዘንጉን መልሶ ይግጠመው፣ ሞተሩን ያስነሳ፣ የእጅ ፍሬኑን አጥብቆ ይሳብ፣ ሦስተኛ ማርሽ ያስገባና ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ይልቀቅ። ሞተሩ ታፍኖ መጥፋት አለበት። ሳይጠፋ መዞሩን ከቀጠለ ውስጡ ተበልቷል። ፔዳሉን ሲረግጥ ከሥር የሚያፏጭ ድምፅ ካለም አትግዢ።

ምን ያህል ቢቀል ትችለዋለህ ላልሽኝ ሌላ ጊዜ እመልሳለሁ። አሁን የመኪናዋን ነገር ጨርሺ።

መገርሳ


ነቀምት፣ ኅዳር 29 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለአቶ መገርሳ

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ደህና ነን። ዛሬ ደስ ብሎኝ ነው የምጽፍልህ፤ ስለዚህ ጽሕፈቴ ቢጣመም አትታዘበኝ።

«ሞተሩ ሳይሞቅ ድረሱ» ላልከኝ፣ ቀዝቃዛ አላገኘሁትም። መምጣታችንን ለማንም አልነገርንም፤ ጊምቢ ላይ ግን ወሬ ከመኪና ይቀድማል። መከለያውን በመዳፌ ነካሁት፤ ተቆስቁሶ እንደዋለ ምድጃ ነው።

«ለክብርሽ ብዬ አሙቄ ጠበቅሁሽ» አሉኝ አቶ መሸሻ።

«ክብር ይስጥልኝ፤ እስኪበርድ ከባለቤትዎ ጋር እጫወታለሁ» ብዬ ወደ ቤት ገባሁ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ዓባይነሽ ደግ ሴት ናቸው፤ ጨዋታም ይወዳሉ። ስለ መዛወራቸው ስናወራ፣ «ከዚች መኪና መገላገሌ ነው ደስ የሚለኝ» አሉኝ። «በነሐሴ ወንዝ ሞልቶ መሐል ላይ ቆመችብን። ውኃው እስከ ወንበሯ ገባ። እኔ ጫማዬን በእጄ አንጠልጥዬ ነው የወጣሁት። ከዚያ ወዲህ እሱ ሊነዳት ይወጣል፣ ሲሳደብ ቆይቶ ይመለሳል፤ እሷም እዚያው ቆማለች።» ይህን እንደ ቀልድ ነው የነገሩኝ። እኔም ስቄላቸው ወጣሁ። በልቤ ግን ውኃ ጠጥቶ ሳይሠራ የቆመ ብረት ምን እንደሚሆን አሰብኩ።

ሲበርድ ባቻ ከሥር ገባ። ዘንጉን ፈታው። «ይርገጡት!» አለኝ። ረገጥኩት። ያው ነው፤ አልወረደም። አቶ መሸሻ ፈተናው ምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ «አየሽ? ብትፈቱትም ንቅንቅ አይልም። መኪናዬ ጃባ ናት!» አሉ። ቃሏን ከእኛው ሰምተው ነው የተማሯት። ባቻ ከሥር ሆኖ ሳቁን ሊያፍን ሲል አፈር አፉ ገባ።

ዘንጉን ገጥሞ ሌላውንም እንዳልከው ሞከረው። ሞተሩ ታፍኖ ጠፋ። የሚያፏጭ ነገርም የለም። ውስጡ ጤነኛ ነው።

አቶ መሸሻ ግን በሆዳቸው ውስጡ አልቋል ብለው እንደሚያምኑ ከፊታቸው አነበብኩ፤ ለመሸጥ የቸኮሉትም ለዚህ ነው። እኔም ስሕተታቸውን አላረምኩላቸውም። እሳቸው እኔን በእግሬ ሲስቁብኝ መቼ አረሙኝ? «ፍሪሲዮኑ አልላላም ካለ ዋጋው ይላላ» አልኳቸው። ተከራከርን። መሐላም ተማማልን። መጨረሻው እኔ ባልኩት አለቀ፤ ውሉም በምስክር ተፈረመ።

ከተፈረመ በኋላ ባቻ እዚያው ግቢ ውስጥ ፔዳሉን ከነማዞሪያው አወጣው። የደረቀ ጭቃ እንደ ገል እየተሰበረ ረገፈ። በላምባ አጠበው፣ ዝገቱን ፋቀው፣ ግራሶ አጎረሰው፣ መልሶ ገጠመው። ወጥቼ ረገጥኩት። ከወንበሬ ሳልነሳ እስከ ወለሉ ወረደ። እግሬን ሳነሳም ተከትሎኝ መጣ። አቶ መሸሻ ይህን ቆመው አዩ። ሻይ ይቀርብልናል ተብለን ነበር፤ አልቀረበም።

መኪናዋ አሁን ደጃችን ቆማለች። እንግዲህ የቀረው አንተ ነህ። በእኔ እግር ይህን ያህል ከቀለለ በአንተማ አይከብድም። የምትመጣበትን ቀን ጻፍልኝ።

ቀለሟ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 1957 ዓ.ም.

ቀለሟ፣

ሰላምታውን አልደረድርም። ይህን ደብዳቤ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

በየደብዳቤሽ እግርህ እንዴት ነው ስትይኝ ደህና ነው ብዬሻለሁ። የቀኙ ደህና ነው። የግራው የለም። ቁስሉ ወደ ላይ እየወጣ ስለሄደ በመስከረም ከጉልበቴ በላይ ቆረጡት። ሐኪሙ ከመቁረጡ በፊት ጠይቆኝ እሺ ብያለሁ፤ ካልሆነ ትሞታለህ ብሎኝ ነበር። ተረፋን አስምዬዋለሁና አትውቀሺው።

ልጽፍልሽ ብዕር ሳነሳ ያንቺ ደብዳቤ ይደርሰኛል፤ መኪና፣ ቡና፣ ፍሪሲዮን ትዪኛለሽ። በወረቀት ላይ ሾፌር ስሆን ደስ ይለኝ ነበር። ባቻ ከሥር ገብቶ ዘንጉን ሲፈታ እኔም አብሬው የገባሁ ይመስለኝ ነበር። ለዚህ ነው ነገሩን ያስረዘምኩት። ለእኔ ብለሽ እንደምትገዣት ከነገርሽኝ ቀን ጀምሮ ግን እንቅልፍ የለኝም። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ።

ፍሪሲዮኑ ቢቀልም ለእኔ አይቀልም። በምን እረግጠዋለሁ? መኪናዋን ለባቻ አስረክቢው፤ ወይም ሽጫት፣ አሁን ትርፍ አላት። እኔ ከጥር መጀመሪያ ወፍጮ ቤት እገባለሁ። ሰው ሁሉ መሪ ይዤ ያየኝ ከተማ ተመልሼ ደጃፍሽ ላይ እንድትጦሪኝ አልፈልግም። ለእናቴ አትንገሪያት።

ይቅርታ አድርጊልኝ።

መገርሳ


ነቀምት፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለአቶ መገርሳ ነገራ

ሰላም ላንተ ይሁን። ደብዳቤህን እንዳልከኝ ብቻዬን ሆኜ አነበብኩት። አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ሱቅ ከፈትኩ፤ ገዢ ቆሞ ነበር።

ደህና ነው የሚለው ቃልህ እያጠረ ሲሄድ አንድ ነገር እንዳለ ጠርጥሬ ነበር፤ ይህን ያህል ግን አላሰብኩም። ተቆጥቻለሁ። ስለተቆረጠው እግር አይደለም፤ እኔ ሳልይዝህ ስለተቆረጠ ነው። ቁጣዬን ስትመጣ በአፌ ትሰማዋለህ። ወረቀት ላይ አላባክነውም።

ለእናትህ ነገርኳቸው። አትንገሪ ያልከኝን የጣስኩት ይህን ብቻ ነው። እስክጨርስ ሰሙኝ። «ልጄ አለ?» አሉኝ። «አለ» አልኳቸው። «እንግዲያ ምን ያስለቅስሻል? አምጪልኝ» አሉኝ።

ስለ መኪናዋ፣ አልሸጣትም። ለባቻም አላስረክባትም፤ የራሱ ሥራ አለው። በምን እረግጠዋለሁ ብለሃል፤ በእኔ እግር ነዋ። ጊምቢ ላይ ሰው ቆሞ ሲያየኝ ያን ፔዳል የረገጥኩት እኔ ነኝ፤ ደረቅ በነበረበት ጊዜም፣ ከተፈታ በኋላም። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ማግስት ጀምሮ ባቻ ከሥራ ሲመለስ ባኬ ጃማ ሜዳ ላይ ወጥቼ እማራለሁ። ትናንት ሞተሩ እየጠፋብኝ ጎረቤታችን የሺወርቅ ደርሳ፣ «ቀለሟ፣ መኪናዋን ነው የምትነጂው ወይስ እንደ በቅሎ ታስዘልያታለሽ?» ብላ ሰፈሩን አሳቀችብኝ። «እንዳትገጭሽ ዞር በይ» አልኳት፤ ሮጣ አጥር ውስጥ ገባች። መንጃ ፈቃድም ጠይቄያለሁ። ሹሞቹ ለሴት አይሰጥም የሚል አንዳች ሕግ አላገኙም፤ ፈልገው ካጡ ለእኔ ይበቃኛል።

ችግሬ ባቻ ነው። ይጮኻል። ሲጮኽ እግሬ ይደነግጣል፣ ፍሪሲዮኑን በድንገት እለቀዋለሁ፣ መኪናዋም ትዘላለች። አንተ አዲስ አበባ ተቀምጠህ፣ ሳታየኝ፣ በወረቀት ብቻ፣ ከመኪና ሥር ያለ በሽታ አስለየኸኝ። አጠገቤ ብትቀመጥ ምን ልታስተምረኝ እንደምትችል አስበው። ዘበኛ ወፍጮ ቤቱ ሌላ ያገኛል። እኔ ዲዴሳ ቁልቁለትን በየትኛው ማርሽ እንደምወርድ የሚነግረኝ ሰው ሌላ የለኝም። ደጃፍ ላይ አትቀመጥም፤ ደጃፍ ላይ የሚቀመጥ ሰው የማበላበት ትርፍ የለኝም። ሥራ አለህ።

የአውቶቡስ ቲኬትህን ለተረፋ ልኬለታለሁ፤ ከገና በኋላ ባለው ሰኞ ትሳፈራለህ። ነቀምት መናኸሪያ ድረስ አትምጣ፤ እዚያ የሚያይህ ሰው ይበዛል፣ አንተም ለመታየት ዝግጁ አይደለህም። አውቶቡሱ ጉቴ ሲቆም ውረድ። መኪናዋ መንገድ ዳር ትጠብቅሃለች፤ ባቻ ከኋላ ይቀመጣል፤ አፉን እንዲዘጋም አስምዬዋለሁ። አንተ ከጎኔ ትቀመጣለህ። ፍሪሲዮኑን እኔ እረግጣለሁ፣ ማርሹን አንተ በእጅህ ትቀይራለህ፤ እንዲህ አድርገን ቤታችን እንገባለን።

እስክለምድ ነው። ከለመድኩ በኋላ እጅህን ከማርሹ ላይ ታነሳለህ።

ባለቤትህ ቀለሟ